የመጫኛው ታሪክ
(የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ለክፉ መንገድ ጭነታቸውን እንዴት ያሰናዱ ነበር?)

በአያቴ ቤት ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ አንድ አሮጌ መጫኛ ተሰቅሎ ይኖራል። ከበሬ ቆዳ በረዥሙ ተቆርጦ የተገመደ ነው፤ ከዘመን ብዛት የተነሣ ጠቁሮ እንደ እንጨት ደርቋል። ከብት አይታሰርበትም፤ እንጨትም አይታሰርበትም። ልጅ ሳለሁ ለጨዋታ አውርጄው ባገኙኝ ጊዜ አያቴ «ተወው፤ እርሱ ያባቴ ትምህርት ቤት ነው» ብለው ከእጄ ወሰዱት። በዚያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ግን ያ ቃል ትዝ አለኝና ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ከመጻፍ ይልቅ ስለዚያ መጫኛ ልጻፍ ብዬ አሰብሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ጊዜ «ገመድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው ሣቁብኝ። እኔም መልሴን በዚህ ጽሑፍ እሰጣለሁ። ባቡርና መኪና ከመምጣታቸው በፊት ሰሜኑን ከደቡብ፥ ደጋውን ከቆላ፥ አገራችንንም ከባሕር ማዶ ያገናኝ የነበረው የሲራራ ነጋዴ ጉዞ ነው። ያ ጉዞ ደግሞ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በመንገድ ላይ ሳይሆን ገና ከመነሻው፥ ጭነቱ በሚሰናዳበት ጧት ነበረ።

መንገዱና ወራቱ

በ19ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት መንገዶች ዋነኛው ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ጎንደር ይደርስ ነበር። ከጎንደርም ወደ ጎጃም ወርዶ በበሶ ገበያ ያልፍና፥ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል እስከ ሊሙ እናርያ ይዘልቅ ነበር። ሌላው ከታጁራ ወይም ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሸዋና ወደ ሐረር ይሄድ ነበር። ከደቡብ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ማርና ወርቅ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ ጨርቅ፥ ዶቃ፥ መዳብና የጦር መሣሪያ ይገባል። በዚህ ንግድ ላይ የጎንደርና የዐድዋ ነጋዴዎች፥ ጀበርቲዎች፥ አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች፥ አፋሮችና ሶማሌዎች ሁሉ ተካፋዮች ነበሩ።

መንገድ ብለን ስንናገር ዛሬ የምናውቀው ዐይነት መንገድ አይምሰለን። የሰው እግርና የከብት ኮቴ የቀደደው ቀጭን ፈለግ ነበረ እንጂ። የዓባይ ሸለቆ ብቻውን ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የወረደም ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት አለበት። ድልድይ እጅግ ጥቂት ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ፥ በአፄ ፋሲል ዘመን ደግሞ በሞጣ በኩል የተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ሥመ ጥር የሆኑትም ስለዚህ ነው። በቀረው ስፍራ ሁሉ መልካ ተፈልጎ ውሃ ይሻገሩ ነበር። ስለዚህ በክረምት ወንዞች ሲሞሉ ንግድ ይቆማል፤ ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅና ውሃው ሲጎድል ግን ነጋዴ ሁሉ አጋሰሱን እየፈተሸ መነሣት ይጀምራል።

ዕቃው እንደ ጠባዩ

ጭነት ለማሰናዳት የመጀመሪያው ሥራ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ነው። በዚህ ነገር አባቶቻችን ምን ያህል ጠንቃቆች እንደ ነበሩ ከሦስት ወይም ከአራት ዕቃዎች ለመረዳት እንችላለን።

በመጀመሪያ አሞሌን እንመልከት። አሞሌ ማለት ከአፋር ቆላ ከዳሎል አካባቢ ተፈልጦ፥ ተጠርቦ፥ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጥ የጨው ብሎን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራበትና ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፎአል። ይኸውም አሞሌ ገንዘብም ዕቃም ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ብርቱ ጠላቶች ነበሩት፤ አንደኛው ውሃ፥ ሁለተኛው ስብራት። ውሃ ያሟሟዋል፤ የተሰበረ እንደ ሆነ ደግሞ ለወጥ ይሆናል እንጂ በገበያ እንደ ሙሉ ገንዘብ አይቈጠርም። ስለዚህ እያንዳንዱን አሞሌ ወገቡን በልጥ ይጠመጥሙታል፤ ቀጥሎም እርስ በርሱ እንዳይጋጭ አጥብቀው ደርድረው በአንድነት ያስሩታል፤ ከላይ ደግሞ ዝናብ እንዳያገኘው ቆዳ ያለብሱታል። ዛሬ ብርጭቆ በሣጥን ሲታሸግ በመካከሉ ገለባ ወይም ወረቀት እንደሚጨመርበት ያለ ብልሃት ነው።

ሁለተኛው ዝባድ ነው። ይህ ከጥርኝ የሚወጣው ሽቶ ትንሹ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ስለ ሆነ ጠብታው እንኳ መባከን አይገባውም። ስለዚህ ውስጡ በተቦረቦረ የበሬ ቀንድ ይሞላና አፉ በቆዳ ይለጎማል። ቀንድ ቢወድቅ አይሰበርም፤ አይዝልም፤ ፀሐይም ቶሎ አያሰነጥቀውም። ከሸክላ የተሠራ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቍልቍለት አያልፍም ነበር።

ሦስተኛው ቡና ነው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ከዝባድ ጋር አብሮ ቢጫን ወይም በደንብ ባልለፋ ቆዳ ቢቋጠር ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የሽታ ዕቃና የሚበላ የሚጠጣ ነገር በተለያየ አጋሰስ መጫን ነበረበት። ማርና ቅቤ ደግሞ ሙቀት ሲያገኛቸው ስለሚቀልጡ ስፌቱ የጠበቀ ዕቃ ይሻሉ፤ ወደ ቆላ ሲወረድም ከሁሉ አስቀድመው የሚፈተሹት እነርሱ ናቸው።

እህልና ዱቄት በስልቻና በአቁማዳ ይቋጠር ነበር። ስልቻ ማለት ሙሉውን ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የሚሠራ ሲሆን፥ ስፌት የሚበዛበት ስላይደለ በቀላሉ አይተረተርም፤ ባዶውን ሲሆንም ተጠቅልሎ ስፍራ አያጣብብም። ጆንያ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ስልቻን ናቀው። ይሁን እንጂ ጆንያ ዝናብ ያስገባል፤ እሾህም ይቀደዋል። ለዚያ ዘመን መንገድ ስልቻ የተሻለ እንደ ነበረ ማንም ሰው ሊፈርድ ይችላል።

ሚዛን

ዕቃው ከተቋጠረ በኋላ ሁለተኛውና ከባዱ ሥራ መጫን ነው። የመጫን ሕግ በአንድ ቃል ሚዛን ይባላል። በቀኝና በግራ የሚንጠለጠለው ጭነት እኩል መሆን አለበት። እኩልነቱም በክብደት ብቻ አይደለም፤ በቅርጽም መመሳሰል ይገባዋል። አንዱ ወገን ረዥም፥ ሌላው አጭር ከሆነ ከብቱ በተራመደ ቍጥር ጭነቱ ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ጭነት ኮርቻውን ያንቀሳቅሳል፤ የተንቀሳቀሰ ኮርቻ ጀርባ ይልጣል። ከብቱ ከተገጠበ ደግሞ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ጭነት አይነካውም። እንግዲህ ነጋዴው አንዱን አጋሰስ በሜዳ ላይ አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ከኮርቻው በታች ለስላሳ ነገር ይነጠፋል። ኮርቻውም በሦስት ወገን ይታሰራል፤ ሽቅብ ሲወጡ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በደረት በኩል፥ ቍልቍል ሲወርዱ ወደ ፊት እንዳይሄድ በጭራ ሥር፥ ወደ ጎን እንዳይዞር በሆድ ሥር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች በቀኝና በግራ ቆመው ጭነቱን በአንድ ጊዜ ያነሣሉ፤ መጫኛውን እየተቀባበሉም ያስራሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሊጭን ቢሞክር አንደኛው ወገን አስቀድሞ ይከብድና ከብቱን ያናጋዋል። አያቴ «ጭነት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ የተጣላ ሰው አብሮ አይጭንም» ይላሉ።

መጫኛውም ራሱ ዝግጅት ይሻል። ደረቅ ቆዳ ይበጠሳል፤ ርጥብ ቆዳ ይለጠጣል። ጧት በጤዛ ርሶ የታሰረ መጫኛ ቀትር ላይ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ጧት በደረቁ የታሰረውም ዝናብ ሲመታው ይላላል። ስለዚህ መጫኛ ቅባት እየጠጣ እንዲለሰልስ ይደረግ ነበር፤ በመንገድም ጭነት የሚያይ ሰው አብሮ ይሄዳል፤ የላላውን ያጠብቃል፤ ያዘነበለውን ያቃናል።

ግመል በቆላ ከሁሉ የሚበልጥ ጭነት ይሸከማል፤ ውሃም ሳይጠጣ ብዙ ይጓዛል። ነገር ግን ወደ ደጋው ገደላማ መንገድ መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ከታጁራ በግመል የመጣ ዕቃ ከአንኮበር በታች ባለው ቆላ ይራገፍና ለበቅሎ፥ ለአህያና ለሰው ሸክም እንደ ገና ይከፋፈላል። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ ዕቃውን ገና ከባሕር ዳርቻ በትንንሹ ያስራል። ያላሰበው ግን በተራራው ግርጌ ዕቃውን ፈትቶ እንደ አዲስ ለመቋጠር ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻለቃ ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ያለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያውም ፈተና ከባሕር ጠለል በታች ያለው የአሳል ሐይቅ ሐሩር ነበረ።

ሌላም ነገር አለ፤ ኬላ። በብዙ ኬላ ቀረጡ በጭነት ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ጭነት በአንድ አጋሰስ አድርጎ ቀረጥ ለማትረፍ የሚፈትን ሐሳብ ይመጣል። ነገር ግን ከቀረጥ የተረፈው ገንዘብ በተገጠበ ጀርባ ይከፈላል። ብልህ ነጋዴ ይህን ሂሳብ ያውቅ ነበር።

ስንቅና ማደሪያ

የሰው ስንቅ ከንግዱ ዕቃ ተለይቶ፥ በቶሎ በሚደረስበት ስፍራ ይቀመጣል። የሚመረጠውም ቀላል፥ የማይበላሽና እሳት የማያስፈልገው ምግብ ነው። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጭኮ በቅቤ የታሸ ስለ ሆነ ጥቂቱ ያጠግባል፤ ድርቆሽ፥ ቋንታ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለብዙ ቀን ይበረክታሉ። ውሃ በእርኮትና በቅል ይያዛል። ማታ ከተሰፈረ በኋላ ጭነቱ በሰፈሩ ዙሪያ እንደ ግንብ ይደረደራል፤ ከብቶቹ በመካከል ይታሰራሉ፤ እሳት ይነድዳል፤ ከጅብና ከሌባም ሰው በተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ያ ጭነት ቀን ሀብት፥ ሌሊት ቅጥር ነበረ።

የቅድመ አያቴ ትምህርት

አሁን ወደ ተነሣሁበት መጫኛ ልመለስ። የዚህን ነገር ታሪክ አያቴ የነገሩኝ በዚህ ዓመት ነው። «አባባ፥ ያባትዎ ትምህርት ቤት ነው ያሉኝ ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ።

ቅድመ አያቴ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፥ ከአባታቸው ጋር አሞሌ ጭነው ከበሶ አካባቢ ወደ ዓባይ ማዶ፥ ወደ አሰንዳቦ ገበያ ይሄዱ ነበር። አሞሌው የራሳቸው አልነበረም፤ ከአንድ ባለጸጋ ነጋዴ በዱቤ የተወሰደ ነው። ሲመለሱ በቡና ሊከፍሉ ተስማምተዋል። ወደ ዓባይ ቍልቍለት በሚወርዱበት ቀን ጧት ብርድ ነበር፤ ሰፈሩም ለመነሣት ተጣደፈ። ልጁ አንዲቱን በቅሎ እንዲጭን ታዘዘ። ጣቶቹ በብርድ ስለ ደነዘዙ መጫኛውን አንድ ዙር ብቻ አዙሮ አሰረ። የራሱንም የስንቅ ስልቻ በቀኝ በኩል ደረበበት፤ በግራው ግን ምንም አልጨመረም። የሚያህለውን ድንጋይ እንኳ ቢያስር ሚዛኑ ይጠበቅ ነበር።

በሜዳው ምንም አልሆነም። ቍልቍለቱ ሲጀምር ግን ጭነቱ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ቀጥሎም ከበቅሎዪቱ ሆድ ሥር ገባ። በቅሎዪቱ ደንግጣ ተፈናጠረች፤ አሞሌውም ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ወደ ገደሉ ወረደ። እርሷ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። አሞሌው ግን ተለቅሞ ሲታይ ከግማሽ የሚበልጠው ተሰብሮአል።

ማታ አባትዬው በእሳቱ ብርሃን የተሰበረውንና ያልተሰበረውን ለይተው ቈጠሩ። ልጁ ዱላ እየጠበቀ ቆሞአል። አባትዬው ግን አልመቱትም፤ አልተቈጡትምም። ቈጥረው ሲጨርሱ ያንን መጫኛ ወደ እርሱ ወርውረው «ከነገ ጀምሮ ጭነቱን ሁሉ የምታስረው አንተ ነህ» አሉት። በማግሥቱም በየቀኑም እርሱ እያሰረ፥ እርሳቸው እየፈቱ፥ እንደ ገና እያሰረ ሄዱ። ሲመለሱ ቡናው ዕዳውን አልሸፈነም። በቅሎዪቱም ለባለ ዕዳው ተሰጠች። ልጁ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ሣር እያጨደ ያሳደጋት ናት። ወስደው ሲያስረክቡ መጫኛውን ግን ከላይዋ ፈትቶ አስቀረ። ዛሬ በአያቴ ምሰሶ ላይ ያለው እርሱ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ለእኔ ሌላ ትርጉም አገኘ። ሰው ሁሉ ሲጠፋበት መንገዱን ይከሳል፤ ከብቱን ይከሳል፤ ዕድሉን ይከሳል። ቅድመ አያቴ ግን የታሰረችውን አንዲት ዙር ከሰሱ።

መጻፍ ያለበት ሌላው ጭነት

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። በዚያው መንገድ፥ ከዚያው አሞሌና ቡና ጋር፥ ሰውም እንደ ዕቃ ይነዳ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ የተነጠቁ ብዙ ወጣቶችና ሕፃናት በበሶና በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተወስደው ተሸጠዋል። አያቴን «ይህንስ አባትዎ አይተዋልን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይቶአል። የበቅሎ ጀርባ እንዳይላጥ የሚጨነቅ ሰው የልጅ እግር ሲደማ ዞር ብሎ አያይም ነበር ይል ነበር» አሉኝና ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ሊናገሩ አልወደዱም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ብልሃት የምናደንቀውን ያህል ይህን ግፍ ካልጻፍን ጭነታችን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ይሆናል።

የሲራራው መጨረሻ

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። ቀድሞ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሦስት ቀን ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ የመኪና መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድ የሩቅ ጉዞ አጋሰስ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። ሆኖም ግመልና አህያ ጨው ጭነው ከአፋር ቆላ ወደ ትግራይ ደጋ መውጣታቸው እስከ እኛ ዘመን ቆይቶአል። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ ስፍራ ተነሥተው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚወጡ ናቸው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌርም ገደል አፋፍ ላይ ወርዶ ገመዱን ሲያጠብቅ ያየ ሰው ሕጉ እንዳልተለወጠ ያስተውላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የጻፍሁት የጥንቱ ዘመን ይመለስልን ለማለት አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች ከየቤታችን እየጠፉ ናቸው፤ ስማቸውም ከዕቃው ጋር አብሮ እየጠፋ ነው። እኛ ተማሪዎች ወደየቤታችን ስንሄድ ሽማግሌዎችን እየጠየቅን የዕቃዎቹን ስምና አሠራር ብንጽፍ፥ ትምህርት ቤታችንም አንዲት ትንሽ ክፍል ቢሰጠንና ስልቻውን፥ እርኮቱን፥ ኮርቻውንና አገልግሉን ብንሰበስብ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት እንተውላቸዋለን።

እኔም የመጀመሪያው ሰጪ ለመሆን ፈልጌ መጫኛውን እንዲፈቅዱልኝ አያቴን ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን ወደ ምሰሶው ቀና ብለው አይተው «አስቀድመህ ማሰር ተማር፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። እነሆ ባለፈው ዕረፍት ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ፈቱብኝ።